የወደድሽውን ስደቢው

በደብረ ታቦር ኮምፒውተር የማያውቅ ወንድ አላጋጠመኝም። ባጃጅ የሚነዳው ያውቃል፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ያውቃል፣ የአከራዬ ልጅ ያውቃል፣ ማብሪያው የት እንዳለ በእጁ ሲዳብስ ያገኘሁት የቢሮ ሰው እንኳ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዓረብ አገር የተመለስኩ ሴት ነኛ! ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ወለል ከመወልወል ሌላ ምን ታውቃለች?

እርግጥ ወልውያለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ወልውያለሁ። በዚያ ቤት የበኩር ልጁ ክፍል ውስጥ ጎናቸው መስታወት የሆነ ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ አቧራቸውን የማራግፈው እኔ ነበርኩ። ልጁ ሥራ የለውም፤ ሲጫወት ያድራል፣ ሲተኛ ይውላል። ሰው አይወድም፤ የሚያዳምጠው ሰው ግን ይወዳል። ዕቃ በቀየረ ቁጥር ብሎኑን የምይዝለት እኔ ስለነበርኩ፣ ለግድግዳ የሚያወራ እየመሰለው ሁሉንም ነገረኝ፤ ፕሮሰሰሩ ምን እንደሚሠራ፣ ሥዕሉን የሚያንቀሳቅሰው ግራፊክስ ካርድ ለምን ከሁሉ እንደሚወደድ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ርካሽ ከሆነ ሲሞት ሌላውን ሁሉ እንዴት ይዞ እንደሚሞት። ግድግዳው ሁሉንም ያዘ። በአምስተኛው ዓመት የእህቱን የልደት ቪዲዮ ቆርጬ ቀጥዬ ሰጠሁት። «ማን ሠራው?» አለ። እኔ ነኝ ስለው ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከተመለስኩ በኋላ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቼ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ጀመርኩ። መሣሪያዬ በሻንጣ ይዤው የመጣሁት አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ሥራውን ያላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። እዚህ አገር ሠርግ ማለት ስድስት ሰዓት የተቀረጸ ጭፈራ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንዲት አክስት አንገቷ ተቆርጦ ከቀረ ዘመድ ይቀያየማል። ደንበኛው የሚፈልገው ውበት አይደለም፤ ማን እንደመጣ፣ ማን ምን እንደሸለመ የሚመሰክር ማስረጃ ነው። ላፕቶፑ ያን ሁሉ ተሸክሞ ሲያቃስት፣ የመጀመሪያው ሠርግ ሳያልቅ ሙሽራይቱ አርግዛ ወለደች። ቪዲዮዋን ልትወስድ ሕፃን አዝላ ነው የመጣችው። እሷ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስለዚህ ለራሴ ቁርጡን ነገርኩት። ለሚመጣው ጥር ሠርግ የሚሆን ደህና ዴስክቶፕ እገዛለሁ። ከሰዓት በኋላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየከፈሉ የኳስ ጌም ይጫወቱበታል፣ በቀረው ሰዓት እኔ ቪዲዮ አቀናብርበታለሁ። ይህ ካልሆነ ወደ ዓረብ አገር እመለሳለሁ። ሦስተኛ መንገድ አልነበረኝም።

መመለሱማ ተሰናድቶ ይጠብቀኝ ነበር። ከጎረቤት ከተማ ከገሳይ አንድ ደላላ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። «እህቴ፣ እንዳንቺ ያለ ሠራተኛ ከየት ይገኛል? ቋንቋው ያንቺ፣ ንጽሕናው ያንቺ፣ ትዕግሥቱ ያንቺ! ቤቱ ተገኝቷል፤ አንቺ ብቻ እሺ በይኝ» ይለኛል። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ድምፁ ይናገራል፤ ማር የተቀባ ገመድ ነው። ግን በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ ስልኩን ማንሳት እወድ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው ያመሰገነኝ አልነበረም።

ከአጎቴማ ምስጋና አይጠበቅም። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ከጋፋት ማዶ ገብስና ስንዴ ያርሳሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ በእንግዳ ፊት ስለኔ የሚሉት አንድ ቃል ነበር፦ «ይችማ ምን ትረባለች!» መምህሬ ስለ ትምህርቴ ሊያነጋግራቸው ሲመጣ ይህንኑ አሉ። ሰዎች ለልጃቸው ሊጠይቁኝ ሽማግሌ ሲልኩም ይህንኑ አሉ። ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ሳላስፈቅድ የሄድኩት ረብቼ ላሳያቸው ነው ብል ውሸት አይሆንም። ስመለስም በር ላይ ተቀበሉኝና ከእግር እስከ ራሴ አይተው፣ «ሰባት ዓመት ሄዳ በአንድ ሻንጣ!» አሉ።

እንግዲህ ኮምፒውተር ፍለጋ መጀመሪያ ብቻዬን ወጣሁ። የገባሁበት ሱቅ የተማሪ ማመልከቻ የሚታተምበት፣ ፍላሽ ላይ መዝሙር የሚጫንበት፣ የሞተ ስልክ ተስፋ የሚሰጥበት ቤት ነው። ባለሱቁ ጢሙን ለማሳደግ የሚታገል ወጣት ነው።

«ለልጅሽ ነው እህቴ?» አለኝ።

«ለራሴ ነው።»

«ለፊልም ማያ?»

«ለፊልም መሥሪያ።»

ፈገግ አለና ሮዝ ላፕቶፕ አወረደልኝ።

ላፕቶፕ አልፈልግም፣ ዴስክቶፕ ነው፣ ዕቃውን አንድ በአንድ እኔ እመርጣለሁ አልኩት። በስማም! እኔ ስለ ፓወር ሰፕላይ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ስለ መብራት ይነግረኛል። «ይሄ ሳጥን ሰባት ዓይነት ቀለም ያወጣል» ይላል። በዚህ ከተማ የኮምፒውተር ጥራት የሚለካው በሚያበራው መብራት ነው፤ ሰው ሁሉ መሸታ ቤት ሊከፍት ያሰበ ይመስላል። ያመጣልኝን ፓወር ሰፕላይ በእጄ መዘንኩት። ደህናው ከበድ ይላል፤ ይሄኛው እንደ ባዶ ጣሳ ነው። መብራት ኃይል በቀን አሥር ጊዜ በሚያጠፋበትና ሲመልስ እንደ ጅራፍ በሚመታበት አገር፣ ይህን ጣሳ ሰክቶ ሥራ መጀመር ገደል አፋፍ ላይ መተኛት ነው። «ባዶ ነው» ስለው «ኦርጅናል ነው» አለኝ። እዚያው ማዶ ጋፋት ላይ መድፍ ተሠርቷል እያልን ለእንግዳ ሁሉ እንኮራለን፤ ዛሬ ግን ብሎን ሳያበላሽ የሚፈታ ሰው አጣሁ።

ልወጣ ስል ዓይኔ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አረፈ። ጎኑ የተከፈተ፣ መብራት የሌለው፣ አቧራ የጠጣ ጥቁር ሳጥን። ፕሮሰሰሩ ደህና ነው። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ሁለት ማራገቢያ ያለው ወፍራም ጥቁር ግራፊክስ ካርድ ተኝቷል። አወቅሁት። በዚያ ቤት ልጅ ከሦስቱ ኮምፒውተሮች በአንዱ ውስጥ የነበረው ዓይነት ነው፤ የራሱ ስምንት ጊጋ ሜሞሪ ያለው። ሰባት ዓመት አቧራውን ጠርጌለት እንዴት ይጠፋኛል! ፊቴ ሳላስበው ተናገረ መሰለኝ፣ ባለሱቁ እኔን አየኝ፣ ሳጥኑን አየው፣ ሰማይ የሚነካ ዋጋ ጠራ። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ማለት ይህ ነው። ሱቁን ጥዬ ወጣሁ።

ወደ አጎቴ የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። አጎቴ ኮምፒውተር በሕይወታቸው ነክተው አያውቁም፤ በከብት ገበያ ግን የታወቁ ናቸው። ጎረቤት በሬ ሊገዛ ሲል እሳቸውን ይዞ ይወርዳል። እሳቸው ዘንድ ግዢ ማለት ስድብ ነው። የሚፈልጉትን በሬ ጥርሱን ያያሉ፣ ሸኾናውን ያያሉ፣ ጅራቱን አንስተው ያያሉ፤ ባዩ ቁጥር አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ሲጨርሱ ባለቤቱ በሬውን በነፃ አስረክቦ ለመሄድ የሚመኝ ይመስላል። እኔም የትኛው ሳጥን እንደሆነ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው የትኛው ዕቃ ዋናው እንደሆነ አስረዳኋቸው። «ጥቁሩ ነው፤ ሁለት ማራገቢያ ያለው» አልኳቸው።

«ገባኝ። ጥቁሩን ነው የምሰድበው» አሉ።

ሱቁ ገብተው ሳጥኑን በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር ነው አባቴ።»

«ነበር በለኝ። መቸ ነው የሞተ?»

«አልሞተም፣ ይሠራል» አለ ባለሱቁ እየሳቀ።

«አቧራውን እየው እንጂ! ይሄ እኮ ተቀብሮ የወጣ ነው። ያስ ጥቁሩ፣ ሆዱ ውስጥ የተኛው?»

«ግራፊክስ ካርድ ይባላል። ትንሽ ቆየት ያለ ነው እንጂ...»

«ቆየት ያለ! እራሱ መሰከረ! አንች ልጅ፣ ሰምተሻል?»

ተራዬ ነበር። «አዎ አጎቴ፣ ተቃጥሏል መሰለኝ። እዚያ አገር እንዲህ ያለውን ቆሻሻ ላይ ነው የሚጥሉት» አልኩ። እንዲህ ስል ካርዱን እንዳላይ ዓይኔን ወደ በሩ አዙሬ ነበር።

አጎቴ ዱላቸውን ተደግፈው ባለሱቁን ትክ ብለው አዩት። «አበስኩ ገበርኩ! ለድሃ አደግ ልጅ ሬሳ ልትሸጥላት ነው? ነገ ምን ይዘህ ልትቆርብ ነው አንተ?»

የሃያ ስድስት ዓመት ድሃ አደግ ነኝ እንግዲህ። ባለሱቁ ግን መሳቁን ተወ። ጆሮው ቀላ። ዋጋው ከሰማይ ወርዶ መሬት ደረሰ። ስምንት ስምንት ጊጋ የሆኑ ሁለት ራሞች፣ እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን የሚሠሩ፤ ፈጣን ዲስክ፤ ከጓዳ ያወጣው ከበድ ያለ ፓወር ሰፕላይ፤ ስታብላይዘር፤ ሁሉም ተጨምሮበት ተስማማን። ቀብድ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን አጽድቶ፣ ገጥሞ ሊያስረክበኝ ቃል ገባ።

አጎቴ መንገድ ላይ ኩራታቸው ልክ አልነበረውም። «አየሽ፣ የሚያመሰግን ሻጭ ነው። ገዢ ይሰድባል። የወደድሽውን ስደቢው፤ ያልወደድሽውን አመስግነሽ እለፊው» አሉኝ። ሳቅሁ። በቃሌም ያዝኩት። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ለማያውቁት ሾፌር፣ «ይችን አየሃት? ሰባት ዓመት ዓረብ አገር ኖራ በአንድ ሻንጣ የመጣች!» አሉት። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ሳቄ እዚያው ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ባለሱቁ ሳጥኑን አጽድቶ፣ ጨርቅ አልብሶ በሁለት እጁ አቀረበልኝ። «ደስ ይበልሽ እህቴ፤ አላሳፈርኩሽም» አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ የሞኝ ፈገግታ ነበር። እኔም በልቤ እየሳቅሁበት ቀሪውን ከፈልኩና ሳልከፍት ይዤ ሄድኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ቤት ገብቼ ስታብላይዘሩን ሰክቼ ሳበራው ክፍሌ ቀይና ሰማያዊ ሆነ። ያ ሳጥን መብራት አልነበረውም። የአንድ ሠርግ ምስል ጭኜ አጫወትኩት። ሙሽራው አንድ እግሩን አንስቶ ቀረ። ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ሁለተኛውን እግር ሳላይ ሙሽራይቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየች። አሮጌው ላፕቶፕ ራሱ መብራት ተቀብቶ የመጣ መሰለኝ።

ጎኑን ፈታሁት። ጥቁሩ ካርድ የለም። በቦታው አዲስ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሁለት ጊጋ እንኳ በቅጡ የማይሞላ መጫወቻ ተሰክቷል። ከርቀት ሲያዩት ቆንጆ ነው።

ሱቁ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ሌባ አልኩት። የድሃ አደግ ዕቃ ሰረቅህ አልኩት፤ የአጎቴን ቃል ሳላውቀው ተዋስኩ። ሰው ተሰበሰበ። ባለሱቁ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ወንድ ልጅ በአደባባይ እንባ ሲያቀርር ማየት ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

«እህቴ፣ ራስሽ አይደለሽም ተቃጥሏል ያልሽኝ?» አለ። «አባባ ሬሳ ነው አሉኝ። ምን ይዘህ ልትቆርብ አሉኝ። እኔ ሱቅ ከከፈትኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ በስሜ እንዲህ ያለ ዕቃ ወጣ ከሚባል ብዬ ከራሴ ጨምሬ አዲሱን አስገባሁልሽ። መብራቱንም በነፃ ነው ያደረግሁልሽ።»

አመነን። ይህ ልጅ ያልነውን ሁሉ አመነ። ሰድበን ልንገዛ ሄደን፣ ስድባችንን እንደ እውነት ተቀብሎ፣ አፍሮ ደህናውን ዕቃ ነቅሎ ጣለልን። ገበያ ያላደገ፣ ከመጽሐፍ ወጥቶ ሱቅ የገባ ሰው እንዲህ ነው። የማንን ቂልነት እንደምንቅ ግራ ገባኝ፤ የሱን ነው ወይስ የእኛን?

«አሮጌውንስ ምን አደረግኸው?» አልኩት ቀስ ብዬ።

በአገጩ ወደ ጥግ አሳየኝ። የሞቱ ዕቃዎች የታጨቁበት ከረጢት ነበር፤ ቆራሌው ቅዳሜ ሊወስደው። የካርዱ ጫፍ ከላይ ይታያል። ወደ ከረጢቱ ተጠጋሁ። ግን አመሌ አልለቀቀኝም፤ አፌ በራሱ ተከፈተና፣ «እንግዲህ ለቆራሌው ከምትሰጠው ለኔ ስጠኝ፤ ብረቱ ለአንድ ነገር ይሆናል» አልኩ።

ባለሱቁ ቀና ብሎ አየኝ። እንባው ደርቆ ነበር። «እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይሠራል ወይስ አይሠራም?» አለ።

እውነቱን መናገር ቀላል ይመስላችኋል። በዚያ ቤት ሰባት ዓመት ስኖር የምወደው ነገር አንድ ነበር፤ ልብስ ለማስጣት ጣሪያ ላይ መውጣት። ነፋስ አለ፣ ሰማይ አለ፣ ለሩብ ሰዓት ማንም አይጠራኝም። እዚያ መቆየት እንደምወድ ያወቁ ዕለት ልብስ ማድረቂያ ማሽን ገዙ። ከዚያ ወዲህ ይህን ወደድኩ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ኖሬአለሁ። አሁን ደግሞ ጥር ሊገባ ነው፣ የደላላው ወረቀት ተዘጋጅቷል፣ ካርዱ ከረጢት ውስጥ ነው።

«ይሠራል» አልኩ። «የሰደብነው ስለፈለግነው ነው። በዚህ ሱቅ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። እኔ እሱን ነው የምፈልገው።» የመጨረሻዋን ቃል ስል ድምፄ ተሰበረ፤ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሰማ።

ባለሱቁ ካርዱን ከከረጢቱ አወጣው። እፍ ብሎ አቧራውን አራገፈ፣ በገዛ ሸሚዙ ጠረገው። ግራ ቀኝ አገላብጦ አየው። ከዚያ፣ «እንግዲያውስ ዋጋው ያ አይደለም» አለኝ።

ሰው ለካ እውነት ሲነግሩት ወዲያው ብልጥ ይሆናል! ነጩን መልሼለት፣ በላዩ ላይ የጆሮ ወርቄን ሸጬ ጨመርኩለትና ጥቁሩን ይዤ ተመለስኩ። ሰክቼው ያንኑ ሠርግ አጫወትኩት። ሙሽራው እግሩን አነሳ፣ አሳረፈ፣ ዞረ፣ ትከሻውን መታ። ብቻዬን እልል አልኩ። አከራዬ ምን ሆነች ብለው መጡ። ባለሱቁ አሁንም ዕቃ ሲመጣለት ጠርቶ ያሳየኛል፤ ጥሩውን ጥሩ ነው እለዋለሁ፤ እሱም ዋጋ ይጨምርበታል። ጅል ነኝ።

አጎቴ የሆነውን ሲሰሙ ለሁለት ሳምንት አላነጋገሩኝም። ዕቃውን በሻጩ ፊት አመሰገነችው እያሉ ለመንደሩ ሁሉ አወሩብኝ፤ በሬ ሰርቄ የተያዝኩ ያህል ነው ያፈሩብኝ።

ከጥምቀት በኋላ ሠርጉ ጎረፈ። ተማሪዎቹ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ኳሳቸውን ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይከፍላሉ፣ ይሄዳሉ። በቀረው ሰዓት እኔ አክስቶችን አንገታቸው ሳይቆረጥ አሳልፋለሁ። ጥር ሊያልቅ ሲል አጎቴ ለገበያ ከተማ ወጡና ኩርፊያቸውን እንደያዙ ክፍሌ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ማሽኑን በጎሪጥ ያዩታል። ሻይ እያቀረብኩላቸው ሳለ በሩ ተንኳኳ። ደላላው ነበር። ስልክ ማንሳት ስለተውኩ ከገሳይ ድረስ ራሱ መጥቶ አገኘኝ። ወረቀቱን ይዟል፤ ዛሬ ካልፈረምኩ ቤቱ ለሌላ ይሰጣል።

አጎቴ እንዳሳደጉኝ ሲሰማ ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ። «አባቴ፣ ልጅዎን እግዜር ባርኳታል!» አለ። «እንደሷ ያለ ሠራተኛ እኔ ስንት ዓመት ስሠራ አላየሁም። ንጽሕናዋ፣ ትዕግሥቷ፣ ቋንቋዋ! ወርቅ ናት፣ ወርቅ!»

አጎቴ ሻዩን አስቀመጡ። ዱላቸውን አነሱና በጫፉ ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ይች?» አሉ። «ይችን ነው የምትል?»

«አዎ አባቴ፣ እሷን።»

«አይ አንተ! ይች ጧት አትነሳም። አፏ ደግሞ አያርፍ፤ ነጭናጫ ናት። ወገቧንም ያማታል፤ አታይም ስትቀመጥ? ሰባት ዓመት ሄዳ በአንድ ሻንጣ ነው የመጣች። ለሰው ቤት የምትሆን ናት? ኧረ ሌላ ፈልግ ወንድሜ! ይችስ ተቃጥላለች።»

ደላላው እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ወርቁ በዓይኑ ፊት መዳብ ሲሆን አየሁ። ደመወዟ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል እያለ አጉረመረመ፤ አጎቴ፣ «በነፃስ ማን ይወስዳታል!» አሉ። ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም።

እኔ የሻዩን ማንቆርቆሪያ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጆሮዬ ውስጥ ሌላ ድምፅ ነበር። መምህሬ ሲመጣ፣ «ይችማ ምን ትረባለች!» ሽማግሌዎቹ ሲመጡ፣ «ይችማ ምን ትረባለች!» ሊወስደኝ ለመጣው ሁሉ ነበር እንዲህ የሚሉት። ለኔ አልነበረም። እኔ ግን ጓዳ ሆኜ ሰማሁ፤ አመንኩም። ሞኙ ባለሱቅ አንድ ቀን ነው የተሞኘ፤ እኔ ልጅነቴን በሙሉ። ራሴን ነቅዬ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ለመጣ ሁሉ ሰጠሁ። ሰው እንዴት የሚወደውን ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ይሰድባል? ዕውቀት ነው ይሄ? ብልጠት ነው? የከብት ገበያ ብልጠት!

«አጎቴ» አልኩ፣ «እኔ በሬ አይደለሁም። ቤትዎ ውስጥ ገበያ አልነበረም። እኔ የተባለውን አምኜ ነው የሄድኩ።»

መጀመሪያ ያልገባቸው መሰለኝ። ከዚያ እጃቸው ዱላው ላይ ሲጠብቅ አየሁ። ቀና ብለው ወደኔ ማየት አቃታቸው፤ ማሽኑን ነው የሚያዩት። ስክሪኑ ላይ ሙሽራው ይጨፍራል፣ አንዲት አክስት ሙሉ አንገቷን ይዛ ታልፋለች፣ ጥቁሩ ካርድ እያጓራ ይሠራል። አልራራሁላቸውም፤ ጠበቅሁ። ሰባት ዓመት የጠበቅሁ ሰው ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያቅተኛል?

ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ በሩ ላይ ደረሱ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ ለእንጨቱ መቃን የሚናገሩ ይመስል፣ «ጥሩ ነው» አሉ።

መቃኑን ሲያልፉ ጨመሩ፦ «ሳጥኑን ማለቴ ነው።»